አባቴ ኢትዮጵያ የሆኑበት ክረምት

ምግብ ባንዲራ ለብሶ ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ሳቄን መቆጣጠር አልችልም። ዘይት ይሁን፣ ብስኩት ይሁን፣ ዱቄት ይሁን፣ ከበሮው ተመትቶ ያ ወፍራም ድምፅ «ሀገር ማለት…» ብሎ ሲጀምር፣ እኔ ገና ዕቃውን ሳላየው እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ። ልጆቼ ለምደውኛል። እንግዳ ግን ግራ ይገባዋል፤ ሀገሯን የማትወድ ሴት እመስለዋለሁ። ኧረ እኔስ እወዳለሁ! ነገሩ ሌላ ነው። አባቴ አንድ ክረምት ሙሉ ለአንድ የፓስታ ፋብሪካ ኢትዮጵያ ሆነው ነበር። በዚያው ክረምት የእኔ ሰርግ በአንድ ጉርሻ ፓስታ ምክንያት ሊፈርስ ትንሽ ነበር የቀረው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ወራት የቀሩት ጊዜ ነበር። ያኔ በሀገር ስም የማይሸጥ ዕቃ አልነበረም። የብስኩቱ ወረቀት አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ የውሃው ፕላስቲክ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ማስቲካው ሳይቀር! ላሊበላ ውስጥ ያለ ሱቅ ሁሉ ሰልፍ ሊወጣ የተዘጋጀ ይመስል ነበር። ሬዲዮው ሀገርህን ትወዳለህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፤ አዎ ስትል፣ እንግዲያው ይሄን ዘይት ግዛ ይልሃል። አባቴ አንድ ቀን እናቴ ከገበያ ይዛ የመጣችው የጨው ፌስታል ላይ ባንዲራ አዩና ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ተመለከቱት።

«ድሮ ሀገር ይታረስ ነበር፤ አሁን ይታሸግ ጀመር እንዴ?» አሉ።

እኔ ከተማው ውስጥ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት እሠራ ነበር። የፈረንጅ ምግብ የእኔ ነው፤ በተለይ ፓስታ ላይ ማንም አይደርስብኝም። አባቴና እናቴ ከከተማው በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት ላይ ገብስና ባቄላ ያርሳሉ። ታጭቼም ነበር። እጮኛዬ ከጋሸና ወዲያ ያለችው የኮን ከተማ ልጅ ነው፣ እዚያው ኮን አስተማሪ። የተዋወቅነው ላሊበላ ለስብሰባ መጥቶ ሆቴላችን ምሳ ሲበላ ነው። ጨው በዝቷል ብሎ ሳህኑን መለሰብኝ። እኔም ሽርጤን እንዳሰርኩ ወጥቼ «ምላስህን አስመርምር!» አልኩት። በማግስቱም መጣ፤ በማግስቱም ጨው በዝቷል አለ። እወደው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ! እሱን ሳስብ ሽንኩርት ያርርብኝ ነበር።

አባቱ ግን መሪጌታ ናቸው። ድጓ ያስተምራሉ፤ አገር ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። በጾም በሥርዓት ቀልድ አያውቁም። ተማሪዎቻቸው እሳቸው ፊት የሚያስነጥሱት ቀስ ብለው ነው አሉ። ያም ሆኖ ሽማግሌ ልከው፣ አባቴም የዘር የአጥንቱን ጠይቀው እሺ ብለው፣ ሰርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

ፋሲካ አልፎ ጥቂት ሰነበተና የማስታወቂያ ሠሪዎቹ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጡ። ዳይሬክተሩ ቤት ውስጥ እንኳ ጥቁር መነጽሩን የማያወልቅ ጎረምሳ ነው። አንድ ካሜራ ማን፣ አንዲት ፊት የምትቀባ ልጅ፣ በየካርቶኑ ፓስታ። ማረፊያቸው የእኛ ሆቴል ነበርና ጉዳቸውን በየምሳው እሰማለሁ። «ንጹሕ የኢትዮጵያ ፊት» ነው የሚፈልጉት። ቄስ ቢጠይቁ ቄሱ አማትበው ሄዱ። አስጎብኚ ቢጠይቁ አስጎብኚው ጂንሴን አላወልቅም አለ። ዳይሬክተሩ ተስፋ ቆርጦ ሊመለስ ሲል፣ አባቴ እንደ ወትሯቸው ለሆቴሉ እንቁላል በጭድ አድርገው በጓሮ በር ገቡ።

«ይቁሙ አባት!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ ነው! ይሄ ግንባር ነው ሀገር ማለት!»

አባቴ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። እውነቱን ለመናገር አባቴ መልከ መልካም ናቸው፤ አፍንጫቸው፣ ጢማቸው፣ አቋቋማቸው ሁሉ። ይህን ራሳቸውም ያውቃሉ። መጀመሪያ እንቁላሉን አስረከቡ፣ ቀጥለው ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁ፣ ከዚያ «እኔ ምን ቸገረኝ፤ የምታበስለው ልጄ ከሆነች ይሁን» አሉ።

ቀረጻው እኛ ቤት ሆነ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ግን በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ሥጋም በማንኛውም ሰዓት ይበላል። ይህን ልብ በሉልኝ።

እናቴ ካርቶኑን ገና ስታየው ወገቧን ይዛ ቆመች። «ይሄ የጣልያን ምግብ አይደለም ወይ?» አለች።

«አይደለም እማማ፤ አሁን ኢትዮጵያዊ ሆኗል» አላት ዳይሬክተሩ፣ በማሸጊያው ላይ ያለውን ባንዲራ እያሳየ።

«ወይ ጉድ! በበር ቢያባርሩት በጓዳ ተመለሰ በሉኛ!» ብላ ካሜራ ማኑን በሳቅ አስቀመጠችው።

አባቴ ደግሞ የገበሬ ጥያቄ ጠየቁ። «ስንዴውስ የየት ነው? የአርሲ ነው የጎጃም?» ዳይሬክተሩ መነጽሩን አስተካከለ። ካሜራ ማኑ ነው እውነቱን የተናገረ። «አባባ፣ ስንዴው በመርከብ ነው የመጣው። ላስቲኩ ግን የእኛው ነው።» አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ ጋሻ መጣ። አባቴ ጋሻ የላቸውም፤ አባታቸውም አልነበራቸው፤ የቤታችን ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ወንፊት ነው። ጋሻው ለቱሪስት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ የተዋሱት ነው፤ ዋጋው በክር እንደተንጠለጠለበት ነው። ወንፊቱን አውርደው እሱን ሰቀሉ። አባቴ ጠጋ ብለው መታ መታ አደረጉት። «ይሄስ እንኳን ጦር ቡጢም አልቀመሰ» አሉ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ፓስታውን ቀቀልኩ፣ ከሆቴሉ ባመጣሁት ሥጋ ቀይ ስልስ ሠራሁለት። ጥሩ ነበር፤ ገና ሲወጣ ብትቀምሱት ኖሮ! ዳይሬክተሩ ግን ሳህኑን ነጠቀኝና በማንኪያ ይከፋፍለው ጀመር። በአንድ በኩል ቃሪያ፣ መሀል ባዶውን ፓስታ፣ በሌላ በኩል ስልሱን። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ባንዲራ አድርጎት አረፈ! ፊት የምትቀባዋ ልጅ ደግሞ እንዲያብረቀርቅ ብላ ዘይት ቀባችው። መብራቱ እስኪስተካከል ምግቡ ቀዝቅዞ እንደ ጅማት ሆነ። እኔ በንዴት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝ።

አባቴ ሳህኑን አዩ፤ ዳይሬክተሩን አዩ። «በየት በኩል ነው የሚጀመረው?» አሉ። «ባንዲራ አፍርሼ ልብላ?»

«ይብሉ አባባ፤ ለማስታወቂያ ነው።»

በሹካ ሞከሩ። ፓስታው ተንሸራቶ ጢማቸው ላይ ተንጠለጠለ። ደግመው ሞከሩ፤ እጀ ጠባባቸው ላይ ወደቀ። እናቴ ሳቋን ለማፈን ነጠላዋን ነክሳ ወጣች። በመጨረሻ አባቴ ሹካውን አስቀምጠው፣ ከሌማቱ እንጀራ ቆረስ አድርገው፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልለው አነሱት። ዳይሬክተሩ በደስታ ዘለለ። «ይሄ ነው! እንደዚህ ነው ሀገራዊ!» አለ። አዲስ አበባ ራሱ ፓስታ በእንጀራ እንዳልበላ ሁሉ!

ዋናው ጣጣ ግን ንግግሩ ላይ መጣ። አባቴ ከጎረሱ በኋላ «ይጣፍጣል! ሀገሬን ነው የምበላው!» እንዲሉ ነበር የተጻፈላቸው። አባቴ ሰሙና ፊታቸው ተለወጠ።

«ሀገሩን የሚበላ ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ?» አሉት።

«ምን ይባላል?»

«ሌባ ይባላላ!»

እሺ እሱ ይቅር፣ «ይጣፍጣል» ብቻ ይበሉ ብሎ ለመናቸው። እሱንም እንቢ አሉ። አባቴ ምግብ የሚያሞግሱ ሰው አይደሉም። ጣፈጣቸው ማለት ዝም ብለው ጨረሱት ማለት ነው፤ እናቴ ራሷ ከተጋቡ ጀምሮ ከአፋቸው ያቺን ቃል አልሰማችም። ደግሞ ያ ምግብ በእውነት አልጣፈጠም ነበር። «ልጄ የሠራችው ሌላ፣ እናንተ ያደረጋችሁት ሌላ» አሉ። «ያልጣፈጠኝን ጣፈጠኝ ብዬ ለሀገር ሁሉ አልዋሽም።»

ዳይሬክተሩ ጠጉሩን ሊነጭ ደረሰ። «እሺ እርስዎ ምግብ ሲቀርብልዎ ምን ይላሉ? እሱን ይበሉ!» አለ።

አባቴ ቀና አሉ፤ አማተቡ። በዚያ በሃምሳው ቀን ሰው ሁሉ ጸሎቱን የሚከፍትበትን የፋሲካ ቃል በዚያ በሚያምር ድምፃቸው «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» አሉ። እኔና እናቴም በልማድ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለን መለስን። ከዚያ ጎረሱ።

«ግዕዝ ነው?» አለ ዳይሬክተሩ አፉን ከፍቶ። «በጣም ጥንታዊ ነው! ትርጉሙ ምንም ይሁን፣ የእናንተን መልስ ቆርጬ የሳቸውን አስገባዋለሁ!» ሁለት ካርቶን ፓስታ ትተውልን፣ ጋሻቸውን አውርደው ሄዱ።

ጊዜው ሄደ፣ ሰኔ ገባ፣ ክረምት ሆነ፤ ነገሩን ረስተነው ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ በገባ ሰሞን፣ የሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ሳህን ስሰበስብ ከበሮ ሰማሁ። ቀና ስል ባንዲራ ይውለበለባል፤ ከዚያ የእኛ ተራራ፣ ከዚያ የእኛ ቤት፣ ከዚያ አባቴ! «ያልተደፈረች ሀገር፣ ያልተደፈረ ጣዕም!» ይላል ወፍራሙ ድምፅ። እልልታዬን አቀለጥኩት። ኮራሁ፣ ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ያን ከቃሪያ ጋር ተሰልፎ የቀዘቀዘ ፓስታ ራሴ እያወቅሁት፣ ባንዲራውንና አባቴን አንድ ላይ ሳይ ሄጄ ልገዛው አማረኝ። ማስታወቂያ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ደስታዬ ግን ሳምንት አልቆየም። ፍልሰታ እኛ አገር ሕፃን የሚጾመው ጾም ነው። ማስታወቂያው ደግሞ የሚወጣው በየቀኑ ከሰባት ሰዓት ዜና በፊት ነው፤ ሰው ቅዳሴ እስኪወጣ አፉን ዘግቶ በሚጠብቅበት ሰዓት። እናንተው አስቡት። ጎረቤቶቻችን አባቴን ያውቃሉ፣ ቀን በቀን ቤተ ክርስቲያን ያዩዋቸዋል፤ እነሱ ሳቁ። ኮን ግን ሩቅ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ!

አንድ ቀን የሆቴሉ ስልክ ጠራና ለእኔ ነው ተባለ። እጮኛዬ ነው። ድምፁ ደህና አልነበረም።

«አባቴ ሰርጉ ይቅር እያሉ ነው» አለኝ።

«ለምን?»

«አባትሽ በፍልሰታ ሥጋ ይበላሉ ተብሎ ተነገራቸው።»

«ቅጂ ነው በላቸው እንጂ! በፋሲካው የተቀረጸ ነው!»

«ብዬ ነበር። እሳቸው ቴሌቪዥን አይተው አያውቁም። ያዩት ሰዎች ኳሱን ቀጥታ ነው የሚያዩት፤ ይሄም ቀጥታ ነው ብለው ነግረዋቸዋል። ‹ፀሐዩ እየታየ ነው አሉ፤ ሥጋ ነው አሉ፤ ደግሞም አንድ ቀን ስቶ ቢሆን ንስሐ አለ፣ ይሄ ሰው ግን በየቀኑ በዚያው ሰዓት ነው የሚበላው!› ይላሉ።»

ስቄም አልቅሼም አላውቅም እንደዚያ፤ ሁለቱም አንድ ላይ መጣብኝ። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ስገባ ግን ሳቁ ጠፋና ልቅሶው ብቻ ቀረ። መሪጌታው አንዴ እንቢ ካሉ እንቢ ናቸው። እሱ ደግሞ አባቱን ጥሶ የሚያገባኝ ልጅ አይደለም፤ ቢሆንም አልወደውም ነበር። ያን ሰው ላጣው ነው፤ በምን? በፓስታ!

ለአባቴ ነገርኳቸው። የከፋቸው ሥጋ በላህ መባሉ አልነበረም። «እኔ የማላውቃቸው ሰዎች ስሜን በጾም አነሱት» አሉ። የነፍስ አባታቸው መጥተው እንዳይመሰክሩላቸው ሱባኤ ገብተዋል። ስለዚህ «እኔው እሄዳለሁ» ብለው ጋቢያቸውን አጣጠፉ።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

እናቴ ጮኸች። «ያልተዳረች ልጅ አማቶቿ አገር! ለሽምግልና! ምን ይሉናል?»

«የሚሉትንማ ብለው ጨርሰዋል!» አልኳት። እናቴ መልስ ሲጠፋት ስንቅ ነው የምትቋጥረው፤ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝ።

ቅዳሜ በጋሸና አድርገን በጭጋግ ውስጥ ኮን ገባን። መሪጌታው አባቴን ቤታቸው ለመቀበል አልፈቀዱም። እጮኛዬ ግን ብልህ ነው፤ «ሰው የነገረዎትን ይተዉና በዓይንዎ አይተው ይፍረዱ» ብሎ ሲለምናቸው አድሮ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት ድረስ እሺ አሰኛቸው። የሻይ ቤቷ እመቤት እኔን ከአዳራሹ በመጋረጃ ብቻ በተለየችው ጓዳዋ ሳምቡሳ በሚጠበስበት ጭልፋ አስይዛ ሸሸገችኝ። «ትንፍሽ እንዳትይ» አለችኝ። እኔም ትንፍሽ አልልም ብዬ ማልኩላት።

በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ወሬው ደርሶ ኖሮ የኮን ሰው ሁሉ ሻይ አምሮታል። መሪጌታው ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ገቡ። ሁሉም ተነሣ። ተቀመጡ፤ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው! «የኔታ፣ ወዲህ ነው የሚታየው» ቢባሉ፣ «ጆሮ አለኝ፤ ይበቃኛል» አሉ። አባቴ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። ሰላምታ ተለዋወጡ። ልቤ ዘይቱ ከሚንጫጫው በላይ ይመታል።

ከበሮው መጣ። ባንዲራው ሲውለበለብ ጥግ ላይ የነበሩ አንድ የቀድሞ ወታደር ብድግ ብለው ቀጥ አሉ። «በየቀኑ እንዲህ ናቸው» ስትል እመቤቲቱ አንሾካሾከችልኝ። «ለባንዲራው ነው እንጂ ለፓስታው አይደለም ይሉናል፤ ግን ፓስታው አልቆ እስኪሄድ አይቀመጡም።» እሷም ወጥታ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። እስከዚያ ቀን በሰው ጫጫታ አባቴ ምን እንደሚሉ ሻይ ቤቱ ውስጥ የሰማ አልነበረም። አሁን ግን ዝንብ ሲበር ይሰማል።

የአባቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!»

«በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን!» አሉ መሪጌታው።

አሉ ልበል እንጂ፣ አወጁ! ዕድሜ ልካቸውን ሲቀበሉት የኖሩት ቃል ነው፤ አፋቸው አላስፈቀዳቸውም። ያ የማኅሌት ድምፅ ሲወጣ ብርጭቆው ነዘረ። በፍልሰታ እኩሌታ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ ለአንድ እሽግ ፓስታ ፋሲካን አወጁለት።

መሪጌታው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ምን አልኩ እኔ?» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ፤ አባቴ እንጀራ ጠቅልለው ሲጎርሱ አዩ። መልሰው እፊታቸው የተቀመጡትን አባቴን አዩ።

«ይሄ የሃምሳው ነው» አሉ። «ይሄ ቃል በፍልሰታ አይባልም። ይሄማ በፋሲካው የተደረገ ነው!»

«እኔስ በጊዜው ነው ያልኩት፣ የኔታ» አሉ አባቴ በትሕትና። «አሁን በፍልሰታ ያሉት እርስዎ ነዎት።»

መጀመሪያ የመሪጌታው ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ተቆጡ ብዬ ነፍሴ ወጣች። ለካ እየሳቁ ነው! ሳቁ፣ ሳቁ፣ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ፤ ቤቱም አብሮ ፈረሰ። ወታደሩም ሳይቀሩ ቁጭ ብለው ሳቁ። መሪጌታው ተነሥተው አባቴን ትከሻቸውን ሳሙና «ይማሩኝ፤ በሰው ዓይን ፈርጄ ነው» አሉ። እኔ ያኔ መሐላዬን ረሳሁ። «እልልልል!» ብዬ ለቀቅሁት፣ ከነጭልፋዬ መጋረጃውን ይዤ ወደ ቤቱ መሀል ወጣሁ።

እጮኛዬ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይህችስ ማን ናት?» አሉ መሪጌታው።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሙሽራዋ ናት፣ የኔታ። ጥር ሩቅ ሆኖባት ነው።»

መሪጌታው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ ጭልፋዬንም አዩት። «ያን ምግብ የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ የኔታ። ግን አበላሹብኝ! ባንዲራ እናደርገዋለን ብለው ለያይተው አቀዘቀዙት!» አልኩ፤ ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር።

«እንግዲያው ለእኔ ቀላቅለሽ ትሠሪልኛለሽ» አሉ። «ጊዜው ሲደርስ።»

ማስታወቂያው ሚሊኒየሙ እንዳለፈ ብዙም አልቆየም። አባቴ ወርደው አንድ ሯጭ ተተካ፤ ኢትዮጵያ አሁን ፓስታ በልታ ትሮጥ ጀመር። እናቴ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል! ያኔ ጠግበው ቢበሉ ምን ነበር?» እያለች ስትተርባቸው ከረመች። እሳቸውም «በሹካ ነበራ!» ይሏታል። ጥር ላይ ተዳርኩ። ኮን ገባሁ።

በዚያው ዓመት ፋሲካ አባቴና እናቴ እኛ ጋ መጡ። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረን ጎሕ ሲቀድ ተመለስን። ዶሮው ነበር፣ ጠላው ነበር፤ መሪጌታው ግን «ያ የተባባልነውስ?» አሉኝ። ተዘጋጅቼበት ነበር። ትኩሱን ፓስታ ከስልሱ ጋር እንደሚገባው አዋህጄ በሰፊው እንጀራ ላይ ገለበጥኩት። ቃሪያውን ከትፌ ውስጡ ስለጨመርኩት በየት በኩል ይጀመር የሚያሰኝ ነገር አልነበረም።

«ይጀምሩ» አሉ መሪጌታው ለአባቴ። «ኢትዮጵያ እርስዎ ነዎት።»

«እኔማ ተሽሬያለሁ» አሉ አባቴ እየሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው አማተቡና ቃሉን አሉ። አሁን በጊዜው ነው። መሪጌታው፣ ባሌ፣ እናቴ፣ እኔ፣ ቤቱ ሁሉ መለሰላቸው።

አባቴ ጠቅልለው ጎረሱ። አላመጡ፤ ዋጡ። ሁላችንም እጃችንን ሰብስበን እንጠብቃለን። ዞር ብለው አዩኝ፤ በባሌ ቤት፣ በአማቴ ፊት፣ ሽርጤን እንዳሰርኩ ቆሜያለሁ።

«ይጣፍጣል፣ ልጄ» አሉ።